ያፈላሁት ቡሽ

እኔ ፋንትነሽ አፌ አያርፍም። በሕንጻችን ቆሻሻ ያለቦታው የጣለ ሰው ድምፄን ሲሰማ ይደነግጣል። ከጎንደር መጥቼ እዚህ ክፋር አቭራሃም ሠላሳ ዓመት ስኖር ሳልናገር ያሳደርሁት ነገር ቢኖር አንድ ነው። እሱም ስድስት ወር ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ተቀርቅሮ ከረመ።

ጋሼ ዋኘው የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሮሽ ሃዓይን አንድ የአሉሚኒየም ሚፍዓል፣ ፋብሪካ፣ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ፔንስያ ወጡ። እዚያ ስማቸውን እንኳ አስተካክሎ የሚጠራቸው አልነበረም። ቤታቸው ሲገቡ ግን ወይን ጠጅ የሚጥሉ ሰው ናቸው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የወይን ፍሬ ገዝተው፣ ራሳቸው ጨምቀው፣ በእንጨት በርሜል ያኖሩትና ከወራት በኋላ የዚህ አገር ዝናብ ሲገባ በጠርሙስ ይሞሉታል። በቤተሰባችን በፔሳሕ፣ በፋሲካችን ማታ፣ በሥርዓቱ በምንጠጣው አራት ብርጭቆ ከእሳቸው ወይን ሌላ ተቀድቶበት አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሱቅ ገብተው የጠርሙስ መክደኛ ቡሽ መምረጡ ስላቃታቸው እኔን ላኩኝ። እንዴት እንዳስረዱኝ ብታዩ!

"ረጅሙን ነው የምትይዥው። በጣትሽ ጨመቅ አድርጊው፤ ተመልሶ ካልተነፋ ተይው። የተሰነጠቀ እንዳይኖርበት። አሽትችውም፤ ሻጋታ ከሸተተሽ አትንኪው። መርጠሽ ስትጨርሺ ባለሱቁ በከረጢት ያሽግልሽ፤ ቤቴ ሳትደርሺ እንዳትከፍችው።"

ሄድሁ። ሣጥኑ ላይ ተደፍቼ ስጨምቅ ስጨምቅ፣ ሳሸት ሳሸት፣ ባለሱቁ "ጌቬሬት፣ ያላ!" ብሎ እስኪያጣድፈኝ ድረስ ቆየሁ። ይበለው! የታዘዝሁትን አርባ ቡሽ አንድ ባንድ መረጥሁ። ጥሩ ቡሽ ነበር የመረጥሁት፤ ይሄን ማንም አይነጥቀኝም።

ጥፋቱ የተሠራው ቤቴ ነው። ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሳየው፣ እኔ የጨመቅሁትን ከእኔ በፊት ስንቱ መንገደኛ ጨምቆታል አልሁ። ያውም ለፔሳሕ! እናቴ ጎንደር ሳለን ጋኑን በግራዋ ሳታጥብ፣ በወይራ ሳታጥን ጠላ አትጠምቅም ነበር። እኔም ያልታጠነ ዕቃ አይሆንልኝም። ከረጢቱን ፈታሁ። ቡሹን አንድ ሰዓት ቀቀልሁት፤ ከመንገዱ ዳር ዛፍ የቆረጥሁትን ወይራ ሚርፔሴት፣ በረንዳው፣ ላይ አጭሼ አጠንሁት፤ ከዚያ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

ልጄ ሻኬድ "ኢማ፣ ማ አት ዖሳ?" አለችኝ።

"ምን አደርጋለሁ፣ አጸዳለሁ! አንቺ ዝም በይ" አልኋት።

ቡሹ ሲደርቅ ሸብሸብ ብሎ ነበር። አንዱን ጨመቅ ባደርገው አልተመለሰልኝም። አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልሁና ከረጢቱን መልሼ አሥሬ ሰጠኋቸው። "እደጊ፣ ተባረኪ" ብለው መረቁኝና ጠርሙሶቹን በራሳቸው እጅ ከደኑበት።

የሴደሩ፣ የፔሳሕ ራት፣ ዕለት ሃያ ሰው ተሰብስቦ የመጀመሪያው ጠርሙስ ተከፈተ። ኮምጣጤ። ሁለተኛው ተከፈተ፤ እሱም ኮምጣጤ። የልጅ ልጃቸው ኢላይ ሰላጣ ላይ እናፍስሰው ብሎ በዕብራይስጥ ቀለደ። ሁሉም ኮምጣጤ ሸተተን አሉ፤ እኔን ግን ከኮምጣጤው ሥር ወይራው ሸተተኝ።

ጋሼ ዋኘው ቀኝ እጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። "እጄ ነው። ቡሹን አላጠበቀውም። በቃ፣ እጄ ሞቷል" አሉና ጋቢያቸው ሥር ከተቱት። አራቱን ብርጭቆ በሱቅ ጭማቂ ጨረስን።

መናገር ያን ጊዜ ነበር። ሃያ ሰው ፊት አፈርሁ። እኔ! አፈኛዋ! በበነጋው እነግራቸዋለሁ አልሁ፤ ከዚያ በሳምንቱ። ሐምሌ መጣ፣ ገበያው በወይን ተሞላ፣ እሳቸው ከቤት አልወጡም። እኔ ወጥ በሳሕን ይዤ መመላለስ ሆነ ሥራዬ፤ ወጥ ጥፋት የሚሸፍን ይመስል! ከዚያ ቀን ወዲህ ለእንግዳ ውሃ እንኳ አይቀዱም፤ ባለቤታቸው ናቸው የሚቀዱት። እጃቸው ከኪሳቸው አይወጣም።

አስተስርዮ፣ እዚህ ዮም ኪፑር የሚሉት ጾም፣ ሁለት ቀን ሲቀረው ከሥራ መልስ ሄድሁ። ይቅርታ የምንጠያየቅበት ሰሞን ነው። እንደ ልማዳችን "ጋሼ፣ በማውቀውም በማላውቀውም የበደልሁዎት ካለ ይቅር ይበሉኝ" አልሁ።

"አንቺ ደግሞ ምን በድለሽኝ ታውቂያለሽ! ይቅር ይበልሽ" አሉኝ።

እዚያ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። እሺ፣ በሰደር ብዬ ተነሥቼ ልወጣ ስል ሚርፔሴቱ ላይ በርሜሉን አየሁት። ከወገቡ ተቆርጦ ለሁለት ተከፍሏል፤ ጤናዳም ተተክሎበታል። ተመልሼ ቁጭ አልሁ።

"ጋሼ፣ በማላውቀው አይደለም። በማውቀው ነው" አልሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው። መቀቀሌን፣ ማጠኔን፣ ሸብሸብ ማለቱን አይቼ ዝም ማለቴን።

ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲጮኹብኝም ፈልጌ ነበር።

"እጄ አይደለም?" አሉኝ።

"አይደለም፣ ጋሼ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ወይራው ሸቶኛል።"

እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና አገላብጠው አዩት። ሳቁ፤ እየሳቁ እንባቸው መጣ። ወደ በርሜሉ ዞሩ። "በሐምሌ ብትነግሪኝ ኖሮ" አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ የውሃውን ጆግ አነሡ። ባለቤታቸው ሊቀበሏቸው ብድግ ሲሉ "ተይኝ" አሏቸው። በዚያ በሚንቀጠቀጠው እጃቸው ቀዱልኝ። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ቀና ብዬ ሳላያቸው ጠጣሁት።