ለብር ወንዝ የሚሆን ካፖርት

እኔ ውሃ እፈራለሁ። መብረቅም እፈራለሁ፣ ድልድይም እፈራለሁ። እንዲህ ላለችው ሴት እግዜር ዓሣ አጥማጅ ልጅ ሰጣት። ባለቤቴ «አንቺ ባትፈሪ ኖሮ ልጁ ልብስ ሰፊ ይሆን ነበር» እያለ ይስቅብኛል።

ነገሩ የሆነው ወጣት ሁሉ በማኅበር ተደራጅ በተባለበት ዘመን ነው። እዚህ ፍኖተ ሰላም አንዱ ዶሮ አረባ፣ ሌላው ድንጋይ ጠረበ። የኔ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መረብ ይዞ ወደ ብር ወንዝ መውረድ ጀመረ። በጋውን ደኅና ነበር። ችግሩ፣ ዓሣ አጥብቆ የሚፈለገው በፍልሰታ ነው። እኔ በጾም ዓሣ አልቀምስም፤ ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ትቻለሁ። ሆቴሎቹ ግን ጾሙ ገባ ሲባል ዓሣ አምጡ ነው። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ ነው፣ ነሐሴ በኛ አገር ሰማዩ ተቀዶ የሚሰነብትበት ወር።

የመጀመሪያውን ክረምት እንደ ባላገሩ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጠኛውን ላስቲክ ቀዶ አንገቱ ላይ አጠለቀና ወረደ። ከላይ ጠብታ አልገባበትም። መረብ ሲስብ ግን ገላው ይግላል፣ ላቡ መውጫ ያጣል፣ ሸሚዙ ይርሳል። ደክሞት ላስቲኩን ሲያወልቅ የወንዙ ነፋስ ላቡን ከነሸሚዙ ጀርባው ላይ ያቀዘቅዘዋል። ጾሙ ሳይፈታ ሳንባ ምች ጣለው። ጤና ጣቢያ አስተኝቼው ደረቱ ሲያፏጭ እያዳመጥኩ ሰነበትኩ። ስንወጣ ነርሷ ወደ ጥግ ወሰደችኝና «እናቴ፣ ዳግመኛ እንዳይመታው። ሁለተኛው ይብሳል» አለችኝ።

ዓሣውን ተወው ብዬ ለመንኩት። «እምዬ፣ ከተውኩት ምን ልሁን?» አለኝ። ካልተወው ደግሞ ዝናብ የማያስገባ፣ ላብ የማያፍን ልብስ ማግኘት የኔ ፋንታ ሆነ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ገሳ ነው። ገሳ ከሣር የተጎነጎነ፣ ገበሬው ከራሱ እስከ ወገቡ የሚከናነበው ነው፤ ዝናብ ያወርዳል፣ አየርም ያስገባል። ከዘመድ ተውሼ አመጣሁና ደጃችን ላይ አልብሼው «በል መረቡን ወርውር» አልኩት። ወረወረ። መረቡ ገሳውን ይዞ ሄደ፣ ገሳው ልጁን ይዞ ሄደ፣ ሦስቱም አጥሩ ሥር ተጠቅልለው ወደቁ። አባቱ ከሚሠራበት ወፍጮ ቤት ዱቄት ለብሶ ሲገባ ይህንኑ አየ።

«ዛሬስ ትልቅ ያዛችሁ» አለ። «ጢም ያለው ነው።»

በዓመቱ ሰኔ ላይ ከልጄ ጋር ቡሬ ሄድን። ቡሬ መንገድ የሚገናኝበት ስለሆነ ልባሽ ጨርቁም ብዙ ነው። ሻጩ ወሬኛ ጎረምሳ ነበር። መጀመሪያ ያወጣልን ወፍራም፣ ቢጫ የላስቲክ ካፖርት ነው።

«ይኼ የኖኅ መርከብ ማለት ነው፣ እናታለም። ጠብታ አያስገባም።»

እጅጌውን አፌ ላይ ገጥሜ እፍ አልኩበት። ትንፋሼ ተመልሶ ፊቴን መታኝ። እኔ ዳቦ ጋግሬ የምሸጥ ሴት ነኝ። ፊደሌም በመሠረተ ትምህርት የተቆጠረ ነው፤ ከዚያ አላለፈም። የማውቀውን ያህል ጠየቅሁት።

«ትኩስ ዳቦ ፌስታል ውስጥ ብታስር ምን ይሆናል?»

«ያልበዋል።»

«ልጄም ያልበዋል።»

«ልጅዎ ዳቦ ነው እንዴ?»

«እኛ ቤት ሁላችንም ዳቦ ነን» አለ ልጄ። «ሲያልበን ትገላብጠናለች።»

ቀጥሎ የጥጥ ካፖርት አመጣ። እሱስ ትንፋሽ ያሳልፋል። የያዝኩትን የመጠጫ ውሃ ትከሻው ላይ ጠብ ሳደርግበት ግን ጠጣው፤ ጨመርኩ፣ አሁንም ጠጣው። ሻጩ ካፖርቱን ከእጄ ላይ ቀማኝ።

«ኧረ እርስዎ ዕቃዬን አጥበው ሊጨርሱት ነው።»

እየሳቀ ግን ወደ ክምሩ ሥር ገባና ሁለት ቀጫጭን ጃኬቶች ጎትቶ አወጣ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ሲይዙት እንደ ነጠላ ቀላል ነው፤ ሻጩ ትንፋሽም ያሳልፋል አለን። ውሃ ሳፈስበት ጎመን ቅጠል ላይ እንደ ወደቀ ተንከባለለና ወረደ። ከውስጥ ስገለብጠው ስፌቱ ሁሉ ላይ ቀጭን ላስቲክ ተለጥፎበታል፤ በመርፌው ቀዳዳ እንዳያስገባ መሆኑ ገባኝ። ብብቱ ሥር ዚፕ አለው፤ ሲሞቅ ይከፍቱታል። ልጄ ደግሞ የራሱን ነገር ይፈልጋል። እጁን ሽቅብ ሰቀለ፤ መረብ ሲስቡ ውሃ በእጅጌው ገብቶ በክንድ ይወርዳልና የእጅጌው አፍ ጥብቅ ማለቱን አየ። ቁጢጥ አለ፤ ጫፉ ውሃ እንዳይነካ ርዝመቱን ለካ። ቆቡን አጥልቆ ራሱን ግራና ቀኝ አዞረ።

እኔ ቀዩን ያዝኩ።

«ቀዩ ይሁን። ከሩቅ ትታያለህ።»

«ለማን ልታይ?»

«ወንዙ ቢወስድህ እንኳ…»

«እምዬ፣ ወንዝ እንዲወስደኝ ነው የምታለብሺኝ?»

ሻጩ ጀርባውን ሰጥቶን ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። አረንጓዴውን ገዛን።

ስንመለስ ማንኩሳን ሳናልፍ ፍርሃቴ መጣ። ሚኒባሱ ውስጥ ጃኬቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ስዳብሰው፣ ቀጭን ነው። ትንፋሽ የሚያሳልፍ ጨርቅ እንዴት ውሃ ይከለክላል? አየር ያገኘውን ቀዳዳ ውሃ አያገኘውም? ቤት ገብቼ ባለቤቴን ባማክረው ጭራሽ አባሰው። «የሚያፈስ ቅል በምን ይደፈናል?» አለኝ። በሰም ነዋ። እኔ ለደብራችን ጧፍ ስለምሠራ ሰም ከቤቴ አይጠፋም። ፍልሰታ ሊገባ ሲል ጃኬቱን መደብ ላይ ዘርግቼ፣ ሰሙን በእሳት እያለሰለስኩ ከቆቡ እስከ ጫፉ አሸሁት። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ።

«እምዬ፣ ይታፈናል።»

«ትንሽ ነው የቀባሁት።»

ጃኬቱን ከእጄ አልወሰደም። እኔ እንድረጋጋ ብሎ ነው የተወኝ።

ጾሙ ገባ፣ ወረዱ። ሲመለሱ አስቀድሞ የሰማሁት የጓደኞቹን ሳቅ ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ ከዲያቆን ጋር ነው የዋልነው» አለኝ ረጅሙ። «ወንዙ በሞላ ጧፍ ጧፍ ሸተተ።»

«ፀሐይ ብልጭ ስትል ደግሞ ዛፍ ላይ ሰቀለው» አለ ሌላው። «ንብ ሰፈረበት። ዓሣ ትተን ማር ልንቆርጥ ነበር።»

እኔም ሳቅሁ። ልጄ ዚፑን ዝቅ ሲያደርገው ግን ክዳኑ እንደተነሣ ድስት በአንገቱ እንፋሎት ወጣ። ሸሚዙ ቢጨመቅ ጣሳ ይሞላል። ከውጭ አንዲት ጠብታ አልገባችም፤ ያ ሁሉ የራሱ ላብ ነው። እራት ላይ አሳለው። አንዴ ብቻ ነው የሳለው፤ እኔ ግን ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ። የነርሷ ፊት ድቅን አለብኝ። ባለቤቴም መቀለዱን ተወ።

በማግስቱ ልጁን ከቤት እንዳትወጣ አልኩትና ካውያዬን በከሰል አሞቅሁ። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ነጠላው ላይ ጧፍ ሲንጠባጠብበት በምን እንደሚለቅ ጧፍ ሠሪ ታውቃለች፤ ወረቀት ደርቦ ለብ ባለ ካውያ መዳበስ ነው። ባለቤቴ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አመጣልኝ፤ ቆርጠን ከላይና ከታች አነጠፍን። ካውያውን ከመንካቴ በፊት ጉንጬ አጠገብ እያደረግሁ ሙቀቱን ለካሁ፤ ጨርቁ ቢያርር ሌላ የምንገዛበት የለንም። ወረቀቱ ሰሙን መጠጠ፣ ጠቆረ፣ ሌላ ተካሁ። ባለቤቴ ከሥር ከሥሬ ወረቀት ያቀብላል።

«ቅል ነው ያልከኝ» አልኩት።

«ቅል ያልኩት ስለ ቅል ነው» አለ።

ሰሙ ሲያልቅ ውሃ አፈላሁና እጅጌውን በድስቱ አፍ ላይ ወጥሬ ያዝኩ፤ ልጄ ከላይ መስታወት ደገነ። መስታወቱ ጭጋግ ለበሰ። እንፋሎቱ በጨርቁ አልፏል ማለት ነው። ያንኑ እጅጌ ጫፉን ቋጥሬ ቀዝቃዛ ውሃ ሞላሁበትና በረንዳው ላይ ሰቀልኩት። ሥሩ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ምድጃው ላይ ያለው ዳቦ እስኪበስል ጠብ ያለ ነገር የለም።

«አሁንስ?» አለ ልጄ።

«አሁንማ ቀዳዳው ለእንፋሎት እንጂ ለውሃ አይበቃም» አልኩ፤ ማን እንደነገረኝ እንጃ።

ሳሉ አልተደገመም፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ለቀቅሁት። የዚያን ዕለት የዘነበው ዝናብ ከቤታችን ደጅ ጎረቤት አያሳይም ነበር። ዳቦ ለመሸጥ ብቀመጥም ለአንዱ ገዢ ሳልሰጥ ለሌላው ደግሜ ሰጠሁ። መብረቅ ሲጮህ አማተብኩ። አመሻሽ ላይ ሦስቱም ጭቃ እየረገጡ ገቡ። እንዴት ዋላችሁም አላልኩ። ልጄን ትከሻውን ይዤ አዞርኩትና እጄን በአንገቱ በኩል ወደ ጀርባው ሰደድሁ። ደረቅ ነው። ሞቅ ያለ፣ ደረቅ።

«እትዬ፣ የኛንም ይዩልን» አለ ረጅሙ፤ ለቀልድ ነው። እኔ ግን አየሁ። ሁለቱም ለበቆልት እንደተነከረ ባቄላ ነበሩ።

«እናንተስ እናት የላችሁም?»

«አሉን» አለ። «ግን አይፈሩም።»

ከባለቤቴ ልብስ ደረቅ ደረቁን አውጥቼ ሰጠኋቸውና እሳቱ ዙሪያ ተቀመጡ። ሽሮ አቀረብኩ። እነሱ ስለ ዓሣው ያወራሉ፣ ባለቤቴ ያሾፋል፤ እኔ ወጥ ልጨምር እያልኩ ጎንበስ ስል ጆሮዬን ወደ ልጄ ደረት አስጠጋለሁ። ፉጨት የለውም። ሲተነፍስ የሚሰማ ነገር የለም፤ ማላመጡ ብቻ ነው።