ባርኔጣ ያደረገው ከርከሮ

ጣልያን ከደብረ ማርቆስ ሊወጣ በተቃረበበት ዓመት አራት መጻሕፍት አነበብሁ፤ ሦስቱ የሕፃናት ነበሩ። ቅኔ ቆጥሬ፣ ዜማ ጨርሼ፣ ጢም ካበቀልሁ በኋላ መሆኑ ነው። አራተኛው ዳዊት ነው፤ እርሱን ወደድሁት ብል ግን ማንም አይደነቅም።

በምሽጉ ውስጥ ለሚሠራ አንድ ጣልያናዊ ጸሐፊ አማርኛ አስተምረው ነበር፤ እርሱም በምላሹ የአገሩን ቋንቋ ያስተምረኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ የምናገረውም የሚወቅሱኝ ሰዎች ስላለቁ ነው። ሰውየው ዕውቀቴን መዝኖ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት ሰጠኝ። አንዱ ፊቴን አልታጠብም ብሎ አንገቱ ላይ ድንች ስለበቀለበት ልጅ ይተርካል፤ ምክሩ በዛብኝ። ሁለተኛው ጃንጥላ ይዛ ባሕር ፍለጋ ስለሄደች ዝይ ነው፤ ባሕሩን ሳታገኝ መጽሐፉ ያልቃል፤ ደራሲው ደክሞት ይመስለኛል። ሦስተኛው ግን ሹመት ስለተመኘ አሳማ ነበር። ባርኔጣ አድርጎ የተሳለበትን ገጽ ባየሁ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ያን ሁሉ ዘመን በመጻሕፍት መካከል ስኖር፣ መጽሐፍ እንደሚያስቅ የነገረኝ መምህር አልነበረም።

ጸሐፊው ወደ ሌላ ምሽግ ሲዛወር መጻሕፍቱ እጄ ላይ ቀሩ። በጣልያን ፊደል የተጻፈ ነገር ይዞ በአርበኞች እጅ የወደቀ ሰው፣ ባንዳ ተብሎ እንደሚረሸን አውቃለሁ። ሁለቱን አቃጠልሁ። አሳማውን ማቃጠል አልሆነልኝም። አይጥ ውስጡን የጨረሰው አንድ አሮጌ ዳዊት ነበረኝ፤ አሳማውን በዚያ በእንጨት ሽፋን መካከል ሰፋሁት። ከዚያም በቆዳ ማኅደር ከትቼ፣ በትከሻዬ አንግቼ፣ እናቴን ልጠይቅ ወደ ይጁቤ ተነሣሁ።

መንገድ ላይ፣ አንድ ወንዝ ልሻገር ስቃረብ፣ አርበኞች አስቆሙኝ።

«ማኅደሩ ውስጥ ምን አለ?» አለ አለቃቸው።

«ዳዊት ነው፣ ጌታዬ።»

«እግዜር ነው የላከህ! ዛሬ ጧት አንድ ወንድማችንን ቀበርን፤ ቄስ አላገኘንም። በል ድገምለት።»

«በቃሌም አውቀዋለሁ…»

«በቃልማ ስድብም ይባላል። አውጣው!»

አወጣሁት። አለቃው ጎንበስ ብሎ ሽፋኑን ሦስት ጊዜ ተሳለመ። ሌሎቹም ግንባራቸውን እያስነኩ በተራ ሦስት ሦስት ጊዜ ሳሙት። ያን ያህል ክብር የተቀበለ አሳማ በዓለም ያለ አይመስለኝም።

ከመቃብሩ ራስጌ ቆሜ፣ ዓይኔን ከአሳማው ሳልነቅል፣ ዳዊቱን በቃሌ ደገምሁ፤ አልፎ አልፎም ገጽ እገልጣለሁ። ሟቹ የቀረበት ነገር የለም፤ አንዲት ቃል አልዘለልሁም። ስጨርስ ግን ከኋላዬ ትንፋሽ ተሰማኝ። ጠመንጃውን የተመረኮዘ አንድ ሽማግሌ አርበኛ፣ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ ሥዕሉን ያያል።

«ተማሪውን ወንዙን ላሻግረው» አለ ለአለቃው።

አበቃልኝ አልሁ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ቆመ።

«አንተ ተማሪ፣ ያ ባርኔጣ ያደረገ ከርከሮ ምን ሆኖ ነው?»

«ሹመት አምሮት ነው፣ አባቴ።»

«ተሾመ?»

«ተሾመ።»

«ታዲያ ይኼ ምኑ ይጻፋል? እኛ አገር ስንቱ ተሹሞ የለም? ከዚያስ?»

«ጭቃው ናፈቀውና ባርኔጣውን ጥሎ ተመለሰ።»

«እርሱስ ከእኛዎቹ ይሻላል» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ፊቱን አጠቆረ። «ወንድማችንን ግን የእውነት ደግመህለታል?»

«አንዲት ቃል ሳልዘል። እርስዎም ሰምተውኛል።»

አፉን በጋቢው ጫፍ አበሰ። «ሦስት ጊዜ ስሜዋለሁ እኮ! አንተም አታውራ፣ እኔም አላወራ። ውኃው ውስጥ ወርውረው።»

እጄን ሳነሣ ያዘኝ። «ቆይ፣ አንዴ ልየው።»

አየው፤ እስኪጠግብ አየው። ከዚያ ወረወርሁት። መጽሐፉ ጥቂት ተንሳፈፈና ከማዶ ጭቃው ላይ ተሰካ።

«ደረሰ» አለ ሽማግሌው።