በአገዳ ክምር ስር የነበረችው አሮ

እኔ የምወደው ማንም የማይፈልገውን መኪና ነው። የነቀምቴ ሰው ስለ መኪና ካወራ ስለ ቪትዝና ስለ አይሱዙ ነው፤ እኔ ግን ልቤ የሚሄደው ፋብሪካው ተዘግቶ፣ መለዋወጫው ጠፍቶ፣ ስሙን ከሽማግሌ በቀር የሚያስታውሰው ወደሌለው ነው። አርጆ ውስጥ ዶሮ የሚያድርባት ሞስኮቪች አለች፤ ለእሷ ብቻ ብዬ ሄጄ አይቻታለሁ። ሲሬ ላይ አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም ሌላው ሽሮ ያዛል፣ እኔ አጥር ስር የተጣለችውን ዋርትበርግ እዞራታለሁ። ፎቶዋን በቴሌግራም ለመሰሎቼ ስልክላቸው፣ ከፖላንድና ከኡራጓይ «እውነት እስካሁን አለች?» ብለው ይጽፉልኛል። ባለቤቴ «እኔንም ዝገት ያዘኝ፤ ምናለ ዞር ብለህ ብታየኝ» ትለኛለች።

በሽታው የጀመረኝ በአባቴ አሮ ነው። አሮ የሮማኒያ ጂፕ ናት፤ በደርግ ጊዜ ለመሥሪያ ቤት መጥታ በኋላ በጨረታ ተሸጠች። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ጊዳ አያና ላይ ወፍጮ ተክሎ ሲኖር እህል ጫነባት፣ ምጥ የያዛት ሴት አደረሰባት፣ ሙሽራ አጀበባት። ያ ሰው በዘሩ የሚሳደድበት ክፉ ጊዜ መጥቶ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ግን ባትሪዋ ሞቶ አልነሳ አለች። ቁልፉን ለጎረቤታችን ለኦሮሞው ሽማግሌ ሰጥቶ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አላቸውና በእግሩ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ነቀምቴ እኔ ቤት ነው። ጠዋት በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ ፀሐይ ስትመታው እንኳ ወንበሩን አያዞርም። ብላ ሲሉት ይበላል። እኔም ከእሱ አልሻልም፤ አስተምሬ እመለሳለሁ፣ ዜና እሰማለሁ፣ ለቅሶ እደርሳለሁ፣ አንዱም ውስጤ አይገባም። አባቴ የሚነቃው ከአያና ሰው የደወለ እንደሆነ ብቻ ነበር። «መኪናዋስ?» ብሎ ይጠይቃል። አለች ሲሉት ስልኩን መልሶልኝ ወደ ወንበሩ ይሄዳል። እኔም መኪናዋን ያየ ቀን አባቴ ወደ ራሱ ይመለሳል ብዬ አመንኩ።

መንገዱ ሲከፈት አይሱዙ ተከራይቼ ሄድኩ። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ አቀፉኝ።

«አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ! አባን ኬ ነጋዳ? አባትህ ደህና ነው? መቼ ነው የሚመጣው?»

«ደህና ነው አቦ። መኪናዋን ልወስድለት ነው የመጣሁት።»

ክንዳቸውን ከትከሻዬ አወረዱ። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ወዳለ የበቆሎ አገዳ ክምር ወሰዱኝ። አገዳውን እየጎተትን ስናነሳ አሮ ብቅ አለች፤ ጎማ የላት፣ መሪ የላት፣ ግንድ ላይ ተቀምጣለች። «የምትሄድ መኪና ወሳጇ ብዙ ነው» አሉ ሽማግሌው። ፈታተው ዕቃዋን ለመንደሩ አከፋፍለውት ኖሯል፤ ለእያንዳንዱም ቤት በአደራ።

ወሬው ሲሰማ ሰው ይመጣ ጀመር። አንዱ ጎማ እያንከባለለ፣ አንዷ መሪውን በነጠላ ጠቅልላ፣ ሌላው ካርቡራተሩን ከጎተራ አውጥቶ፣ በቆሎ በቆሎ እየሸተተ። ሁሉም ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው፤ መቼ ነው የሚመጣው? እኔ ይመስገን እያልኩ እቀበላለሁ። ማንም ያልነካካው የፋብሪካ ካርቡራተር! በደህናው ጊዜ ቢሆን እዘል ነበር። ያን ቀን ስልኬን እንኳ ከኪሴ አላወጣሁም፤ የሚሠራው እጄ ብቻ ነበር።

የሽማግሌው ሚስት ትርፍ ጎማውን ይዘው ቆሙ። «ይቺ እንኳ እኛ ጋ ትቅር። ሲመጣ ራሱ ይወስዳታል።»

«አይሆንም እናቴ፣ ሙሉ ካልሆነች ምን ዋጋ አላት?» አልኳቸው። አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው እንዲህ ነው፣ ጎዶሎ አይሆንለትም። ጎማውን በቀሚሳቸው ጠርገው ሰጡኝ። ሽማግሌውም ቁልፉን መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን በሁለት እጃቸው አጠፉልኝ።

በማግሥቱ መኪናዋ ግቢዬ ውስጥ ስትወርድ አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። ማንም ሳይደግፈው መጥቶ ኮፈኗን ዳሰሰ። ደስ አለኝ መሰለኝ፤ ዕቃው እነማን ቤት ተቀምጦ እንደቆየ እየጠራሁ ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ሁሉንም ሰጡህ?»

«ሁሉንም አባባ፣ አንድ ብሎን አልቀረም።»

«ቁልፉንም?»

«ቁልፉንም።»

አገዳ የቧጨረውን ቀለም በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። «አደራ ያስቀመጠ ሰው ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል» አለ። «ዕቃዬ በየቤቱ እያለ ማንም ሄዷል አይለኝም ነበር፤ እኔም አልሄድኩም ነበር። አሁን ምን አለኝ ብዬ ደጃቸው እቆማለሁ?»

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣም። ያን ሁሉ ጊዜ ምንም ያልተሰማኝ ሰውዬ፣ ቁልፉን እንደጨበጥኩ እዚያው መኪናዋ አጠገብ ቁጭ አልኩ፤ አሁን ገና ተሰማኝ። በዚያ ክፉ ቀን የወጣው እግሩ ብቻ ነበር፤ አባቴን ከአያና ያስወጣሁት እኔ ነኝ።