የፒተር ጄነሬተርና የእኔ ሃርድ ዲስክ

ሃርድ ዲስኬን የገደለው ወንድሜ ፒተር ነው።

ጄነሬተሩ የእሱ ስለሆነ ሳይናገር ያጠፋዋል፤ እኔም "ምንም አይደለም" እል ነበር። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ፒተር ባጠፋ ቁጥር አብሮ ድርግም ይላል። ባለፈው ሳምንት ድርግም ብሎ ቀረ።

እዚህ ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ታውን በሚባለው ሰፈር የሚሠራው የኮምፒውተር ጠጋኝ ሙስጠፋ ፈታትቶ አየና "እማማ፣ ዲስኩ አልቆለታል" አለኝ። ክው አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዓመቴ፣ ኢትዮጵያ በስደት ሳለሁ ነው። ስለ እናቴ የጻፍኩት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር።

ፒተር ደግሞ "ማሌሽ! ምንም አይደለም፤ እንደገና ትጽፊዋለሽ" ይለኛል። እሱ ደብዳቤ እንኳ ጽፎ አያውቅም።

ሙስጠፋ አዲስ ዲስክ ገጥሞ የፕሮግራም መጫኛ ሲዲዎች ሰጠኝ። "በአንድ ቀን ልጨርስ አይበሉ፤ መብራቱ እስካለ ድረስ ትንሽ ትንሽ ይጫኑ" አለኝ።

ሰኞ ዊንዶውሱን ጫንኩ። ማክሰኞ የድምፁንና የኢንተርኔቱን ፕሮግራም። ዛሬ የአማርኛ መጻፊያውን። በገዛ እጄ!

ከሰዓት በኋላ ሙስጠፋ ከአሮጌው ዲስክ ያተረፈውን በፍላሽ አመጣልኝ። አርባ ገጽ፣ ከነፊደል ግድፈቱ። እናቴን ቁጭ ብዬ አነበብኳት።

እናንተስ፣ መብራት ሲጠፋ ምን ጠፍቶባችሁ ያውቃል? የጠፋውስ ተገኘ? እስቲ ጻፉልኝ።

እኔ ግን ከእንግዲህ ፒተር ሲያጠፋብኝ "ምንም አይደለም" አልልም።