አፉ ውስጥ የነበረው ማሽላ

ባለፈው ሳምንት ጋቢዬን ከበር ኋላ ካለው ሚስማር ላይ ላነሳ ስል እጄ ቀዝቃዛ ብረት ነካ። አዲስ ገጀራ ነው፤ ዘይቱ ገና አልደረቀም። ልጄ ሰይድ ከከሚሴ ገበያ ገዝቶ ያቆመው ነው። የጎረቤታችን ቤት በጠራራ ፀሐይ ከተሰበረ ወዲህ በሰፈራችን ከበሩ ኋላ ባዶ የሆነ ቤት የለም። ልቆጣው ጠራሁት። ግን ቁጣዬን ለምዶታል፤ ስለዚህ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኩት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ጨፋ ሸለቆ ውስጥ፣ ከቦርከና ማዶ ነው። የጥንቅሽ ጊዜ አልፎ ማሽላው ተወቅቶ ጎታ ገብቷል፤ መንገዱ ሁሉ ገለባና የከብት አቧራ ይሸታል። ደጋው ዝናብ ቀርቶበት ስለነበር የራበው ሰው ወደ እኛ ይወርድ ነበር፤ እህልም መሰረቅ ጀመረ። እኔ ቤት እንድጠብቅ ታዘዝኩ። ጓደኞቼ «ሙሽራዋ ዛሬም አትወጣም?» እያሉ ሲያፌዙብኝ ሰነበቱ።

ዓርብ ቀን አባቴ ለጁምዓ ሲወጣ፣ «ሰው ከገባ ኡኡ በል፤ መስጊድ ድረስ ይሰማል። እንዳትመታ» አለኝ።

«እሺ አባ።»

በአገራችን የቤቱን እህል የቀመሰ ሰው አይመታም። ጠላት እንኳ ቢሆን አንዴ ከጎረሰ እንግዳ ነው፤ እስኪወጣ ድረስ የሚጠብቀው ባለቤቱ ራሱ ነው። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ።

ከብቶቹን ውሃ አጠጥቼ ስመለስ አንድ ሰው ስልቻ ይዞ ጎታችን ላይ ጎንበስ ብሏል። ቅልጥሙ በአቧራ ነጥቷል። ሽመሌን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ዞር ብሎ አየኝ። ቢላ የሚያወጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እጁን ጎታው ውስጥ ከቶ ጥሬ ማሽላ ዘገነና አፉ ውስጥ ጠቀጠቀው።

«ኬሱማ!» አለኝ። እንግዳ ነኝ ማለቱ ነው። ፍሬው ከከንፈሩ ይረግፍ ነበር።

ብዙ ዓመት አልሰማሁትም እያልኩ ራሴን ዋሽቻለሁ። ሰምቼዋለሁ። ኦሮምኛ እንደ አማርኛ አፌን የፈታሁበት ነው። ሰምቼው፣ ገብቶኝ፣ መታሁት። አልጮህኩም፤ ከጮህኩ ክብሩ የመንደሩ ይሆናል።

ሰዎቹ ከመስጊድ ሲመለሱ ሰውዬው መንጋጋው ተሰብሮ መሬት ላይ ነበር። ጎረቤታችን አያ ሙሄ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ፣ «እኛ ዱዓ ስናደርግ አንተ ሠራኸው! ማነው ሙሽራ ያለህ?» ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

አባቴ ግን ተንበርክኮ ደም የነካውን ፍሬ አንድ በአንድ ከመሬት ይለቅም ነበር።

«ጎርሶ ነበር?» አለኝ።

«አዎ አባ።»

«እንግዳ ነኝ አለህ?»

ሽመሌን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ።

«እንግዲህ ይህን ጎታ አንተ ብላው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ጎታ አልቀመሰም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ሌባ ነው፣ ልጁ ጥፋት የለበትም ብለው ተነሡ። አባቴ አልተከራከረም።

የሰውዬው መንጋጋ ጠሞ ተጋጠመ። ጨፋ ሮቢት ገበያ እህል ተራ ዳር ተቀምጦ አጥሚት ሲጠጣ አየው ነበር፤ እህል ማኘክ አይችልም። ሰላም ስለው ራሱን ይነቀንቃል። ማን እንደሆንኩ ያውቅ እንደሁ አልጠየቅኩትም። ሲሞት ቀብሩ ላይ አልቆምኩም።

ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ትቼ ማንበብ ያጠናሁት ስኳር በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ያቺን ዓርብ የሚያቀልልኝ አንድ መስመር አላገኘሁም። ቤትን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ አልክድም። እኔ ግን ቤት አልጠበቅኩም። እንግዳ ነው የመታሁት።

ይህን ሁሉ ለሰይድ ነገርኩት። አላቋረጠኝም፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ከዚያ በኋላ ቤታችሁ ሌባ ገብቶ ያውቃል፣ አባ?»

መዋሸት እችል ነበር።

«አያውቅም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ተነሣና ገጀራውን በጨርቅ ወልውሎ ወደ ቦታው መለሰው።

ጋቢዬን አሁንም እዚያው ሚስማር ላይ እሰቅላለሁ። ብረቱ የት እንዳለ እጄ ለምዶታል።