ከደጃፌ ያልገባው ጤፍ

ያን ቀን የረገምኩት ዝናቡን አይደለም፣ መኪኖቹን ነው። ከውጭ አገር የመጡ፣ በራቸው ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው፣ አገር ላገር እያቋረጡ የሚወዳደሩ መኪኖች። ዋናው መንገድ በጎርፍ ተዘጋና ትራፊኮቹ በእህል በረንዳ በኩል ለቀቁብን። ለእነሱ ሲባል ጠዋቱን ሙሉ ጋሪያችን ሲገፈተር፣ የጭነት መኪናው ሁሉ ዞር በል ሲባል አረፈደ። እኔ ደግሞ ከጎጃም የሚመጣ ጤፍ እየጠበቅኩ ነው። ደሜ ፈልቷል።

ጤፉን የሚያመጡልኝ ሽማግሌ የብዙ ዓመት ደንበኛዬ ናቸው። የዓመት ልፋታቸውን ጭነው፣ ራሳቸው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ነው የሚመጡት። መኪናቸው ወደ ሱቄ ሊታጠፍ ሲል፣ ከፊቱ የነበረችው የውድድር መኪና ክዳኑ የተሰረቀ ቱቦ ውስጥ ጎማዋን ከተተች። መንገዱ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። በዚያ ጎርፍ ኩንታል ተሸክሞ መሻገር አይታሰብም፤ ጭነቱ የለበሰው ሸራ ደግሞ አርጅቶ ተበሳስቷል።

ስምንት ተሸካሚዎች አሉኝ፤ አንዴ ተረባርበው ቢገፏት መኪናዋ ትወጣለች። ሱሪያቸውን ሰብስበው ሲነሱ የውድድሩን ሾፌር አየሁት። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በስልኩ ይቀርጸናል። እኛን ከነጭቃችን። በቃ፣ አበድኩ።

«ማንም እንዳይነካት» አልኩ። «የሚቀርጸው ራሱ ይግፋ።»

የማሠራቸው እኔ ነኝና ቆሙ። ሽማግሌው ወርደው ብቻቸውን ሊገፉ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ። ለእነዚህ ብለው ጭቃ ውስጥ አይገቡም፣ ውርደት ነው አልኳቸው። ጭነታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ይሉኝታ ይዟቸው ቀሩ። ዝናቡ ባሰበት። የውድድሩ ሰዎች ጎታች መኪና አምጥተው እስኪያወጧት ድረስ እኔ በረንዳዬ ላይ ቆሜ፣ እሰይ፣ ይበላችሁ እላለሁ።

ሸራው ሲገለጥ ሽማግሌው የላይኛውን ጆንያ ፈተው እጃቸውን ሰደዱ። የራሰ ጤፍ ተለጥፎበት ወጣ። የሥሩም ያው ነበር።

በእኛ በረንዳ ደንብ፣ ጆንያው የሱቁን ደጃፍ እስኪሻገር ድረስ ባለቤቱ ያመጣው ሰው ነው። ቢረጥብም፣ ቢደፋም የእሱ ነው።

«እንዴት ይሻላል፣ እትዬ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ተሸካሚዎቹ ሁሉ ያዩኛል። ጥፋቱ የኔ መሆኑን እያወቅኩ አፌ ሌላ ተናገረ።

«ካልገባ የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

የፈቱትን ጆንያ አሰሩ። ሸራውን መልሰው አልብሰው ሄዱ።

ዘንድሮ ጤፋቸውን ይዘው ጎረቤቴ ደጃፍ ቆሙ። መጀመሪያ ግን ወደኔ መጥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ስለ ጤናዬና ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ስምንቱም ተሸካሚዎቼ ሳያስፈቅዱኝ ተነስተው ጭነታቸውን አወረዱላቸው።