ቀይ ክር የታሰረበት ባቄላ

መካነ ሰላም በመምህርነት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ደርግ ገና እንደ በረታ፣ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ የባቄላ ፍሬ ማደጉን መቼ እንደሚያቆም በምን ያውቃል?» አለችኝ። አላውቅም ለማለት አፈርኩና «ሌላ ቀን እንመለስበታለን» ብዬ ሰሌዳውን ጠረግኩ።

የምኖረው «የኔታ» የምንላቸው አንድ አዛውንት መሪጌታ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነበር። ከክፍሌ ጀርባ ባቄላቸው እሸት ይዟል። ፍሬው ሲያብጥ የሚገታው ከላይ የሚጫነው ሽፋኑ ይሆን? ብዬ ጠረጠርኩ። ጫናውን ብጨምርበትስ? ከአሮጌ ሹራብ ቀይ ክር ተርትሬ የአሥራ ሁለት ለጋ እሸቶችን ወገብ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ። የኔታን ማስፈቀድ ረሳሁ። እውነቱን ለመናገር አልረሳሁም፤ ይከለክሉኛል ብዬ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ጫጫታ ሰምቼ ብወጣ፣ የኔታ የጠበል ዕቃ ይዘው ባቄላው መሃል ቆመዋል። ገበያ ጨው የሚሸጡት ሙስሊም ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገዋል።

«አዑዙ ቢላሂ! የኔታ፣ እንዳይነኩት! መተት ነው!»

«ማንን በድዬ?» አሉ የኔታ ጠበሉን እየረጩ።

«ለቀበሌ ያመልክቱ እንጂ!»

«አሻጥር ነው ብለው ባቄላውን ትተው እኔን ቢያስሩኝስ?»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ ምንም እንደማላውቅ ሆኜ፣ «ስንት ናቸው?» አልኩ።

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ ሁለት ናቸው» አልኩ፣ አፌ አምልጦኝ።

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። የኔታ ዕቃቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። «አሥራ ሁለተኛውን የት አየሽው ልጄ?»

ሁሉንም ዘረገፍኩ። «ጠበሉን ባቄላ ላይ አስጨረስሽኝ!» ብለው ተቆጡ፤ ግን እሳቸውም ውጤቱን ለማየት ቸኩለው ኖሮ አንዱን እሸት ቀጥፈው ፈለፈሉት። ከክሩ ግራና ቀኝ ያሉት ፍሬዎች ጠብደል ጠብደል ብለዋል፤ ክሩ ሥር የዋለው ግን ሽንብራ አክሎ፣ ጎኑ ተጨፍልቆ ቀርቷል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። አንዱ እሸት ብቻ ክሩን አላልቶ እንደ ልቡ ወፍሯል።

«ይሄን እምቢተኛ ለዘር አስቀምጠዋለሁ» አሉ የኔታ ደስ ብሏቸው።

ሰኞ፣ ጫና ፍሬውን እንደሚገታ ለጠያቂዋ ላሳይ፣ ፍሬዎቹን ክፍል ይዤ ሄድኩ፤ ተማሪዎቼ እየተቀባበሉ ሲያዩ ሁለቱን በሏቸው። የኔታ ግን ሳይቀጡ አላለፉኝም። ባቄላው ሲደርስ አጭጄ፣ ወቅቼ እንዳስገባ ፈረዱብኝ። ዱላ አያያዝ የማላውቅ ሴት ነኝና በመታሁት ቁጥር ፍሬው አጥሩን እየዘለለ ጎረቤት ይገባ ነበር። ጎረቤታችን ለቅመው፣ ቆልተው በሳህን አቀረቡልኝ።

«ይሄ እኮ የየኔታ ንብረት ነው» አልኳቸው።

«ብዪ ዝም ብለሽ፤ አጥር የተሻገረ ሐላል ነው» አሉኝ።